ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

(ባለፈው የመጻጉዕ ሰንበት፣ በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በአጥቢያችን አዳራሽ የተናገርኩት ነው። ያልነበራችሁ ስለጠየቃችሁኝ ከቅጂው ላይ ገልብጬዋለሁ። ብዙም አልነካካሁትም።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

አባቶቼ ይፍቱኝ። እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ጾሙስ እንዴት ይዟችኋል? ዘወረደ ላይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የነበረው ጉልበት አሁን የለም አይደል? እዚያ ኋላ ያላችሁ እስቲ ጠጋ በሉ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ሽሮው እየጠበቀን እንደሆነ አውቃለሁ። አላስረዝምም። ግን ነርስ "ትንሽ ናት፣ አታምም" ስትላችሁ እንደማታምኗት ሁሉ ይህንንም ብዙ አትመኑ።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ነርስ ነኝ። ሃያ ዓመት አልፎኛል። መምህራችን "የዛሬውን ወንጌል አንቺ ከሥራሽ አንጻር ንገሪን" ብለው ሲያዙኝ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወንጌሉን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንድ ቃል ላይ ደረስኩና ቆምኩ። ዛሬም የማወራው ስለዚያ ቃል ነው።

ታሪኩን ጠዋት ሰምታችሁታል። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5። ኢየሩሳሌም፣ በበጎች በር አጠገብ፣ ቤተ ሳይዳ የምትባል መጠመቂያ። አምስት መመላለሻ አላት። ዕውሩ፣ አንካሳው፣ ሰውነቱ የሰለለው ሁሉ እዚያ ተኝቶ የውኃውን መናወጥ ይጠብቃል። ከነሱ መሐል አንዱ፣ መጻጉዕ የምንለው፣ 38 ዓመት ታሟል። 38 ዓመት! እዚህ ከተቀመጥነው መሐል ስንቶቻችን 38 አልሞላንም? ጌታ መጣና ጠየቀው። "ልትድን ትወዳለህን?" አለው።

ሰውየው ምን ብሎ መለሰ? አዎ አላለም። እስቲ ልብ በሉ። እግር የለኝም አላለም። ጉልበት የለኝም አላለም። መድኃኒት የለኝም አላለም። "ሰው የለኝም" ነው ያለው። ሰው የለኝም!

ሦስት ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አንደኛው፣ ሰው የለኝም የሚለው ሰው የት እንዳለ። ሁለተኛው፣ እኛ ሰው ሆነን ከሄድን በኋላ ምን እንደምናበላሽ። እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ይቅርታ። ሦስተኛው ስለ እጃችን ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። በእኛ አገር ሆስፒታል ለታመመ ሰው አስታማሚ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ካለ፣ እግዚአብሔር ጠብቆት እስካሁን አልተኛም ማለት ነው። መድኃኒቱን ከፋርማሲ የሚያመጣው አስታማሚ ነው። ናሙናውን ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጠው አስታማሚ ነው። በሽተኛውን የሚያገላብጠው፣ የሚያጎርሰው፣ አንሶላውን የሚያጥበው፣ ሌሊት መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው አስታማሚ ነው። እኛ ነርሶች ሌሊት ለአንድ ሙሉ ክፍል ሁለት ብንሆን ነው። ስለዚህ አስታማሚ የሌለው በሽተኛ፣ ዶክተር ቢኖረው፣ መድኃኒት ቢኖረው እንኳ፣ ጠበሉ አጠገብ ተኝቶ ጠበሉ ውስጥ መግባት እንዳቃተው ሰው ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከገጠር በሪፈር መጡ። ያመጣቸው ልጃቸው ገንዘብ ላምጣ ብሎ ሄደና የተመለሰው በአራተኛው ቀን ነው። በሬ ሊሸጥ ይሆናል፣ አላውቅም። ቅጹ ላይ የቅርብ ተጠሪ የሚል ቦታ አለ። "አባባ፣ ማንን ልጻፍ?" አልኳቸው። ጣሪያውን እያዩ "ሰው የለኝም ልጄ" አሉኝ። የወንጌሉን ቃል እንዳለ! እኔ ግን ያን ጊዜ ወንጌሉ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ያላለቀው ሥራዬ ነበር። ሰረዝ አድርጌበት አለፍኩ።

ታዲያ ማን አነሣቸው መሰላችሁ? ጎን ያለው አልጋ ላይ ባሏን የምታስታምም አንዲት ሙስሊም እናት ነበረች። ለባሏ ያመጣችውን ሾርባ ለሁለት ከፈለችው። ባሏን ስታገላብጥ ዞር ብላ እሳቸውንም ታገላብጣለች። አንድ ቀን ሳህን ይዛ ጠጋ አለችና "አባባ፣ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ይጾማሉ አይደል?" አለቻቸው። ከዚያ ሾርባውን መለሰችና ወጥታ የጾም ምግብ ገዝታ መጣች። ይታያችሁ! የእሳቸውን ጾም የምትጠብቅላቸው እሷ ናት። እኔ ደግሞ መስቀል አንገቴ ላይ አድርጌ በዚያ አልጋ አጠገብ በቀን አሥር ጊዜ አልፋለሁ። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ ራሴን ሳምራዊው ቦታ ላይ ነበር የማስቀምጠው። ያን ቀን ቦታዬን አወቅኩት። ካህኑም ሌዋዊውም እኔ ነበርኩ።

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

እሺ፣ ሁለተኛው። እዚህ ላይ ትንሽ እናዝናለን፣ ቻሉኝ።

ታናሽ ወንድሜን ያጣሁ ጊዜ ቤታችን ሰው ሞላ። የኛ ሰው ለለቅሶ የሚያህለው የለም መቼም። ዕድሩ ድንኳን ጣለ፣ ወንበሩ መጣ፣ ድስቱና ሳህኑ መጣ፣ እዝኑ በተራ ገባ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። ይህን ያህል የሚያምር ነገር ያለን ሰዎች ነን። ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ "እዚህ ሰው ሲሞት በስልክ ነው እግዜር ያጽናሽ የሚሉሽ" ስትለኝ ነው ምን እንዳለን የገባኝ። ዕድርን የሚንቅ ሰው ቢኖር እኔ ጋ ይምጣ፣ እመክረዋለሁ።

ግን አፋችን! ወይ አፋችን! አንዷ መጥታ "ለበጎ ነው" አለችኝ። የ26 ዓመት ልጅ ሞቶ ለበጎ ነው። ሌላው "እግዚአብሔር ምን ሊነግራችሁ ፈልጎ ይሆን? እስቲ ራሳችሁን መርምሩ" አለ። እናቴ ሰማችው። እስከ ዛሬ "ምን አጥፍቼ ይሆን" ትላለች። አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር የእናቴን ሐዘን እጥፍ አድርጎት ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም እኮ። የሚያጽናና መስሎት ነው። ደግሞ "ክርስቲያን አያለቅስም" ያሉም ነበሩ።

ማን ነው ክርስቲያን አያለቅስም ያለው? ክርስቶስ ራሱ አልቅሶ! አልዓዛርን ሊያስነሣው ነው፣ ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው ያውቃል፣ እንዲያም ሆኖ "ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ" ይላል። አልዓዛር ይነሣል ብሎ ማርታንና ማርያምን አታልቅሱ አላላቸውም። አብሯቸው ነው ያለቀሰው። ጳውሎስም ሲጽፍልን ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ነው ያለን። አስረዷቸው አላለም። አልቅሱ ነው ያለው።

የኢዮብን ወዳጆች ታውቋቸዋላችሁ። እኛ ሁልጊዜ እንወቅሳቸዋለን። እኔ ግን ስለ መጀመሪያው ሳምንታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከኢዮብ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። መከራው እንደበዛ አይተው አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። ሰባት ቀን! የኛ ድንኳን እንኳ ሦስት ቀን ነው። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን የከፈቱ ቀን ነው። ኃጢአት ሠርተህ ነው፣ አለዚያ እንዲህ አይደርስብህም፣ እያሉ ምዕራፍ በምዕራፍ ወረዱበት። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? እየጮኸ በተከራከረው በኢዮብ ላይ ነው? አይደለም! ለእግዚአብሔር ጥብቅና በቆሙት ላይ ነው።

አሁን አንድ ልጅ እጁን ሊያነሣ ነው፣ አይቼሃለሁ። "ጌታ መጻጉዕን ደግመህ ኃጢአት አትሥራ ብሎታል እኮ" ልትለኝ ነው። ጎበዝ። ብሎታል። ግን መቼ ነው ያለው? አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ ነው? አይደለም። መጀመሪያ "ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ" አለው። ሰውየው ተነሣ፣ ሄደ። በኋላ በመቅደስ አገኘው፣ ያን ጊዜ መከረው። የጌታ ቅደም ተከተል ይህ ነው። እኛ የምንገለብጠው ይህን ነው። ደግሞ አራት ምዕራፍ ወረድ በሉ፣ ምዕራፍ 9። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ደቀ መዛሙርቱ ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው፣ እሱ ነው ወላጆቹ? ብለው ጠየቁ። እሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው። ስለዚህ የሰው በሽታ ከየትኛው ኃጢአት እንደመጣ የመናገር ሥልጣን ለኔም ለእናንተም አልተሰጠም። ክፍላችን ውስጥ ስንቱ በሽተኛ ከቁስሉ በላይ በዚህ ይሰቃያል መሰላችሁ።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን፣ በሰልስቱ፣ ድንኳኑ ተነሣ። ወንበሩ ተጫነ። ሳህኑ ተቆጥሮ ተመለሰ፣ እንዲያውም ሁለት ጎደለ ተብሎ ትንሽ ጭቅጭቅ ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የግቢውን በር ከፍቼ አየሁ። ማንም የለም። የድንኳኑ ካስማ የተተከለበት ጉድጓድ ብቻ። ሐዘን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው ወገኖቼ። የሚጫነው ያን ጊዜ ነው።

ከጎረቤት አንድ እናት አሉ፣ እትዬ ነው የምንላቸው። ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው። በቀጣዩ ሐሙስ መጡ። ጀበና ይዘው ነው የመጡት። ምንም አላሉም። እንዴት ናችሁ እንኳ አላሉም። ጓዳ ገቡ፣ ያደረውን ሳህን አጠቡ፣ ቡና አፈሉ፣ ከእናቴ ጎን ቁጭ ብለው ምስር ለቀሙ። ሄዱ። በቀጣዩ ሐሙስም መጡ። ከዚያም ሐሙስ። ከዚያም ሐሙስ። አርባው ወጣ፣ እትዬ ይመጣሉ። መንፈቁ ወጣ፣ እትዬ ይመጣሉ። ሙት ዓመቱ ወጣ፣ አሁንም ይመጣሉ! አንድ ቀን በር ድረስ ስሸኛቸው "እትዬ፣ ለምንድነው እንዲህ የሚለፉት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ነጠላቸውን እያጣፉ፣ ፊቴን ሳያዩ፣ "የኔ ልጅ የሞተ ጊዜ ሰው የመጣው ሦስት ቀን ነው" አሉኝ።

ሌላ አልተናገሩም።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ሁለተኛው መልእክት መጀመሪያው ላይ ስለ መጽናናት የሚለውን በልጅነቴ በቃሌ ይዤው ነበር። እግዚአብሔር የሚያጽናናን እኛም በመከራ ያሉትን እንድናጽናና ነው ይላል። የገባኝ ግን እትዬ በር ላይ ነው። የደረሰባቸውን ወስደው ቂም አላደረጉትም። ሐሙስ አደረጉት።

ሰዓት ስንት ሆነ? ... እሺ፣ አሥር ደቂቃ ስጡኝ። ሦስተኛው፣ እጃችን።

አንዳንድ ሰው "ጸሎት አይበቃም ወይ?" ይላል። ያዕቆብ መልሶልናል። ለራበውና ለታረዘው ወንድም "በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም" ብትሉት፣ የሚያስፈልገውን ግን ባትሰጡት ምን ይጠቅመዋል? ብሎ ነው የጠየቀው። "እግዚአብሔር ይማርህ" ብሎ መውጣትና "እሳት ሙቁ" ማለት ልዩነቱ ምንድነው?

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሦስተኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ ላይ ብርቱ ወረርሽኝ ገባ። የዚያን ጊዜው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ የጻፉት ደብዳቤ በአውሳብዮስ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቶናል። የከተማው ሰው የታመመ ዘመዱን ገና ነፍሱ ሳትወጣ መንገድ ላይ ይጥል ነበር። ክርስቲያኖቹ ግን ገብተው አስታመሙ፣ የሞተውን ዓይኑን ከደኑ፣ አጥበው ገነዙ፣ ብዙዎቹም በሽታው ይዟቸው ተከተሉ። ጓንት የለ፣ ማስክ የለ። እኔ በኮሮና ጊዜ ያን ሁሉ ለብሼ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቅዱስ ባስልዮስም አለ፣ ቅዳሴው ከ14ቱ ቅዳሴያችን አንዱ የሆነው። በቂሣርያ ረኀብ በገባ ጊዜ ርስቱን ሸጦ አበላ። በኋላም ከከተማው ወጣ ብሎ ለድኾችና ለሕሙማን መኖሪያና መታከሚያ ሠራ። ሰው የሚሸሻቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን አቅፎ ይስማቸው ነበር። ቅዳሴውን እንሰማለን፣ ሆስፒታሉን ግን ረስተነዋል።

ሩቅ ሆነብን ካላችሁ ቅርብ ልምጣ። እናታችን አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። ወሎ በድርቅ ተጎድቷል። መንገድ ላይ አንዲት ሕፃን የሞተች እናቷን ጡት ስትጠባ አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል አደሉ፣ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባላቸው ተቃወሙ፣ ትዳሩ ፈረሰ፣ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። እስቲ አስቡት። ሊሳለሙ ነው የሄዱት እኮ! ሌሎቻችን ከግሸን እምነት፣ የተቀደሰውን አፈር፣ ይዘን እንመለሳለን፣ እሳቸው ልጅ ይዘው ተመለሱ። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ኮሮና ወሰደብን። ነፍሳቸውን ይማር።

መቄዶንያንም ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ቢንያም በለጠ መንገድ ላይ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ማንሣት ሲጀምር ብዙ ሰው አብዷል ብሎታል። መፈክራቸው "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" የሚል ነው። ዛሬ ጠዋት ጸሎተ ሃይማኖት ስንደግም ይህ መፈክር ትዝ አለኝ። ስለ እኛ ስለ ሰው፣ እኛን ለማዳን ከሰማይ ወረደ፣ "ፈጽሞ ሰው ሆነ" እንላለን። ሰው የለኝም ላለው ሰው የእግዚአብሔር መልስ ይኸው ነው። ማብራሪያ አልላከም። ሰው ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ጠበልና ስለ መድኃኒት ካልተናገርኩ ዩኒፎርሜ ይታዘበኛል። ሥራ ስጀምር የኤችአይቪ ሕሙማን ሳህናቸው ለብቻ፣ ብርጭቋቸው ለብቻ የነበረበት ዘመን ነው። ሰው የለኝም ማለት ያን ጊዜ ነበር። ብዙዎቹ እንጦጦ ማርያም ወጥተው ጠበሉ አጠገብ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር አንዳንዱ "መድኃኒት ከወሰድክ አላመንክም ማለት ነው" እየተባለ ክኒኑን ተወው። ያልተመለሱም አሉ። ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ባስተማሩ ጊዜ እኔ አለቀስኩ። ስለዚህ እባካችሁ፣ እናቶቼ፣ ዛሬም የስኳር መድኃኒታችሁን፣ የደም ግፊት መድኃኒታችሁን እየጣላችሁ ጠበል አትሂዱ። ይዛችሁ ሂዱ። ለማኝ ነኝ፣ እለምናችኋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። አባቶቻችን ስለ መጻጉዕ የሚነግሩንን ታውቃላችሁ። በዕለተ ዓርብ፣ በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ ጌታን በጥፊ የመታው ይኸው የዳነው ሰው ነው ይሉናል። ጌታ ይህን ሳያውቅ ነው ያዳነው? ያውቃል! ያንን እጅ የምትመታው እጅ መሆኗን እያወቀ ነው የፈወሳት። እኛ ግን አንድ ጊዜ ረድተን አመሰግናለሁ ካልተባልን ቤቱን አንደግምም። "ውለታ ቢስ ነው" እንላለን። የታመመ ሰው ይነጫነጫል ወገኖቼ። ይሳደባል። ያመጣችሁለትን ሾርባ "ጨው የለውም" ይላል። እኔ ላይ የሽንት ዕቃ የወረወሩብኝ አሉ፣ በማግሥቱም ግሉኮሳቸውን የቀየርኩላቸው እኔው ነኝ። ሳምራዊውን እዩት። ሁለት ዲናር ከፍሎ አልጠፋም። የጎደለውን ስመለስ እከፍላለሁ አለ። ስመለስ!

እንግዲህ ጨረስኩ። በሩ ላይ ደብተር አስቀምጠናል። ሆስፒታል ገብቶ አስታማሚ የሌለውን ለመጠየቅና ለማስታመም ነው። ከክፍሉ ኃላፊዎች ጋር ተነጋግረናል። ይዛችሁ የምትመጡት ሳሙና፣ ሶፍት፣ ፔርሙዝ፣ የስልክ ካርድ ነው። ቤታቸው ደውለው ድምፅ የሚሰሙበት የስልክ ካርድ ከሁሉ ይበልጣል። ሙዝ አታብዙ፣ ባለፈው ሙዙ ከበሽተኛው በዛ። ስለ በሽታቸው አትጠይቁ፣ ስለ አገራቸው ጠይቁ። ደግሞ ሁላችሁም ቅዳሜን አትጻፉ። ቅዳሜማ ሞልቷል፣ ሰው በሰው ነው። ባዶ የሆኑት ማክሰኞና ረቡዕ ናቸው፣ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ትበቃለች።

ሐሙስን ግን ተዉልኝ። ሐሙስ የኔ ናት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።